ከሱቅሽ ፊት ለፊት ሱፐርማርኬት ሲከፈት

ልጄ፣ ትናንት በስልክ ያወራሽኝን ሳሰላስል አደርኩ። አስፋልቱን ተሻግሮ፣ ልክ ሰሚት ካለው ሱቅሽ ትይዩ፣ ባለብዙ ቅርንጫፍ ሱፐርማርኬት ተከፍቷል። በሩ ላይ ፊኛ ሰቅሏል፤ «የመክፈቻ ቅናሽ» ብሎ የፓስታና የዘይት ዋጋ በትልቁ ለጥፏል። አንቺም «ጋሼ፣ ከነገ ጀምሮ እኔም በእነሱ ዋጋ ልሸጥ ነው» አልሽኝ። እስቲ ቆዪ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ዋጋ ማውረድ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው፤ ያወረዱትን መልሶ መስቀል ግን ደንበኛ ያስኮርፋል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሒሳቡ እንነሳ። አንዱን ፓስታ ከጅምላ ነጋዴ በ90 ብር አምጥተሽ በ100 ትሸጫለሽ እንበል። 10 ብር አገኘሽ፤ ኪራዩም፣ መብራቱም፣ የምታግዝሽ ልጅ ደሞዝም፣ ግብሩም ከዚያች ላይ ነው የሚነሳው። እነሱ ያንኑ ፓስታ ከአስመጪው በመኪና ሙሉ ስለሚያነሱ በ82 ይገባላቸዋል። በ95 ሲሸጡት 13 ብር አላቸው። አንቺ በ95 ከሸጥሽ የሚተርፍሽ 5 ብር ነው። ድሮ 100 ፓስታ ሸጠሽ የምታገኚውን 1,000 ብር ለማግኘት አሁን 200 መሸጥ ሊኖርብሽ ነው። ሱፐርማርኬት በተከፈተብሽ ወር ሽያጭሽ እጥፍ ይሆናል? ነገ ደግሞ 93 ቢያደርጉትስ? እነሱ 11 ብር እያገኙ ይቀጥላሉ፤ አንቺ በ3 ብር ትርፍ ከ330 በላይ ፓስታ መሸጥ ይጠበቅብሻል። ከዚያም በታች ቢወርዱ አይሞቱም፤ በሌላ ዕቃ ያካክሱታል። ሱፐርማርኬት ሁሉን ነገር አያረክስም። ሰው ዋጋውን በቃሉ የሚያውቀውን ጥቂት ዕቃ፣ ዘይቱን፣ ፓስታውን፣ ሩዙን፣ የልብስ ሳሙናውን ያረክስና ከሻምፖውና ከቸኮላቱ ላይ ይለቅመዋል። ካላመንሽኝ ዛሬውኑ ግቢና የጥርስ ሳሙናውን ዋጋ ከአንቺው ጋር አስተያዪው።

ይህን የምልሽ ልብሽን ላፈርስ አይደለም። ፊት ለፊትሽ ያለው የመጀመሪያው ባላጋራሽም እንዳልሆነ አትርሺ። ሱቁን ስትከፍቺ የሸማቾች ማኅበሩ ከአንቺ በረከሰ ዋጋ ዘይትና ስኳር ይሸጥ ነበር። የእሁድ ገበያ ሲጀመር ደግሞ «ሽንኩርትና ድንች አበቃ» ብለሽ ነበር። የመጨረሻሽም አይሆንም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ለአገር ልጅ ብቻ ተከልሎ የኖረውን የጅምላና የችርቻሮ ንግድ፣ ማስመጣቱንም መላኩንም ጨምሮ፣ ቅድመ ሁኔታ እያስቀመጠ ለውጭ ባለሀብት ከፍቷል። ዛሬ አንቺን እንቅልፍ የነሳሽን ቤት ነገ ከእሱ የሚገዝፍ መጥቶ እሱንም እንቅልፍ ይነሳዋል። ዘጠኝ ሞት መጣ ቢሉት አንዱን ግባ በሉት አለ ያገሬ ሰው።

እኔ የምመክርሽ ነገር አንድ ነው። ትልቁ ያላደረገውን ፈልጎ ማግኘት ብዙ አይጠቅምሽም፤ ትልቅ በመሆኑ ምክንያት ሊያደርገው የማይችለውን ፈልጊ። ያላደረገውን ነገ ያደርገዋል። ዛሬ ዕቃ ቤት ድረስ አያደርስ ይሆናል፤ አንቺ ስትጀምሪው አይቶ ሦስት ሞተር ያሰማራል። ዛሬ ትኩስ ዳቦ የለው ይሆናል፤ ከወር በኋላ መጋገሪያ ያስገባል። ሊያደርገው የማይችለው ግን ቢያየውም ቢመኘውም የራሱን ቤት ሳያናጋ ሊነካው የማይችል ነገር ነው። ብዙ ካሸር ያለው ቤት «እያንዳንዳችሁ ላመናችሁት ሰው ዱቤ ስጡ» ቢል በወሩ መዝጋቱ ነው። ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ቤት የሰሚቷ ቅርንጫፍ ብቻዋን በፈለገችው ቀን የፈለገችውን ዕቃ ታስገባ ቢል ግዢው ከመጋዘኑ፣ መጋዘኑ ከኮምፒውተሩ ጋር ይጣላል። ያከበረው አሠራር ነው እጁን የያዘው።

መርካቶ ጫማ ስነግድ በዓይኔ ያየሁት ነገር ነው። በ1990ዎቹ የቻይና ጫማ እየጎረፈ ሲገባ፣ እዚህ ያለ ሰፊ ለቆዳና ለሶል ብቻ በሚያወጣው ገንዘብ ያለቀለት የቻይና ጫማ ይሸጥ ነበር። ብዙው ሰፊ ደንግጦ ያደረገው ምን መሰለሽ? ሶሉን አሳሳ፣ ማስቲሹን ቆጠበ፣ ቆዳውን በሰው ሠራሽ ለወጠ፣ ዋጋውን ከቻይናው ጋር አስተካከለ። በርካሽነት ቻይናን ሊያሸንፍ! ክረምት ሲገባ ጫማው አፉን ከፈተ። «ያው ሊቀደድ ነው፣ የቻይናውን እገዛለሁ» ብሎ የዱሮ ደንበኛው ሄደ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። ከእነዚያ ሰፊዎች መሐል የስፌት መኪናቸውን ሸጠው የገቡበት ያልታወቀ አሉ።

የተረፉት ሌላ መንገድ ያዙ። የማውቃቸው ሰፊዎች ፋሽኑ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጠውን የሴት ጫማ ለቀቁና የወንድ የቆዳ ጫማ ላይ ተጠናከሩ። ቆዳው የአገራችን ነው፤ በጥሬው እየላክን ስንቆጭ የኖርንበት። ከዚያ ደግሞ ኮንቴይነር የሚያመጣው ሰው ፈጽሞ ሊያደርገው የማይችለውን አደረጉ፤ በትንሽ በትንሹ መስፋት። ከቻይና የሚነሳ ኮንቴይነር ባሕር አቋርጦ፣ ጂቡቲ ተራግፎ፣ ጉምሩክ ተፈትሾ መርካቶ እስኪገባ ወራት ይፈጃል፤ ኮንቴይነር የሚሞላ ሰው ደግሞ 12 ጥንድ ብቻ ላምጣ አይልም። ሰፊው ግን ለጥምቀት 42 ቁጥር ያለቀበት ባለሱቅ ሰኞ ቢጠራው ሐሙስ ያደርስለታል። ሰፊ እግር ያለውን ሰው በልኩ ይሰፋለታል። ሶሉ ቢነሳ አምጡት ብሎ በነጻ ይመታዋል። ዋጋው ከቻይናው ከፍ ያለ ነበር፤ ይገዛ ነበር።

ቤተልሔም ጥላሁንንም አስቢያት። ዘነበወርቅ ያደገች ልጅ ናት። የጫማ ድርጅቷን ሶል ሬብልስን በ1997 ዓ.ም. ስትመሠርት ለመርካቶ ጫማ ልሥራ ብትል ኖሮ ስሟን አንሰማም ነበር። እሷ ወደ በረባሶ ሄደች፤ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ወደሚቆረጠው፣ ገበሬውም አርበኛውም ሲያደርገው ወደኖረው ጫማ። በእጅ የተፈተለ ጥጥ አከለችበት፣ አሳመረችውና በኢንተርኔት ጭምር ለውጭ አገር ገዢ አቀረበችው። ትልልቆቹ የጫማ ፋብሪካዎች በማሽን በመቶ ሺህ የሚያወጡ ናቸው፤ አሮጌ ጎማ ሰብስበው በሰው እጅ ቁጭ ብለው ሊቆርጡ አልተሠሩም። የዘነበወርቅ ሰፈር ሰው ግን ያን ሥራ ያውቀዋል። አንቺ ለውጭ አገር አትልኪም፤ አቅጣጫውን ብቻ ነው የማሳይሽ።

እንግዲህ ወደ ሱቅሽ እንግባ።

ዱቤ ስል ፊትሽ ሲጠቁር በስልክም ይታየኛል። ገንዘብ የበሉብሽን አውቃለሁ። ሆኖም ከሁሉ በላይ ሱፐርማርኬቱ የማይነካብሽ ርስትሽ ዱቤ ነው። «አሁንማ ቴሌብርም ያበድራል» ትይኝ ይሆናል። እውነትሽን ነው፤ ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ በ2014 ዓ.ም. መገባደጃ የጀመረው መላ የሚሉት ብድር አለ። እሱ ግን የሚያውቀው የተበዳሪዋን ስልክ ነው፤ በስልኳ ምን ያህል ብር እንደገባና እንደወጣ። አንቺ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው መምህርት ደሞዟ በስንት ቀን እንደሚገባ፣ ባሏ ሞያሌ ጭኖ ሲመለስ ይዞ የሚመጣው ብር እንዳለ፣ ልጅዋ ታሞ የከረመበት ወር ላይ ለምን እንደዘገየች ታውቂያለሽ። ይህን እውቀት ሱፐርማርኬቱ በገንዘቡ አይገዛውም፤ ሰሚት በቆየሽው ዕድሜ የተጠራቀመ ነው።

ደንቡን ግን አጥብቂ። ደብተሩ ሁለት ይሁን፣ አንዱ ከአንቺ አንዱ ከደንበኛዋ ዘንድ፤ ሁለቱም ላይ ዓይኗ እያየ ይጻፍ። ወሰን ይኑረው፤ ወሰኑን ከገቢዋ አንጻር ቁረጪው፣ ስላቀረበችሽ አይስፋ። የወሩ ሳይዘጋ የቀጣዩ አይከፈት። የምትከለክይውን ሰው ሰው ባለበት አትከልክዪ፤ ገንዘቡ ይረሳል፣ ማፈሩ አይረሳም። ዱቤ ወሰደች ብለሽ ዋጋ አትጨምሪባት፤ በጥሬው የሚገዛው በሚገዛበት ትግዛ። የዱቤ ደንበኛ ሲጀመርም 5 ብር ለመቆጠብ አስፋልት አትሻገርም፤ ያ ነው የአንቺ ትርፍ። እኔ ብሆን በዱቤ ውጭ ያለው ገንዘብ ከሱቁ ዕቃ ሩቡን እንዲያልፍ አልፈቅድም። አለፈ ማለት ዕቃ መግዣሽን ለሰፈሩ አከፋፍለሻል ማለት ነው።

ሁለተኛው ርስትሽ ትንሹ መጠን ነው። ሺህ ቢታለብ ያው በገሌ አለች ድመት። ሱፐርማርኬቱ 5 ሊትር ዘይት ቢያረክስ፣ ዛሬ ማታ እጇ ላይ ለሩብ ሊትር የሚሆን ብር ብቻ ላላት ሴት ምኗም አይደለም። እሷ የምትፈልገው ሩብ ሊትር ዘይት፣ ሁለት እንቁላል፣ አንድ ዳይፐር፣ አንድ ሻማ ነው። እዚያ ማዶ ካሸሯ ባርኮድ የሌለውን ነገር ሂሳብ ላይ ማስገባት አትችልም፤ ፓኬት ቀዳ አንዱን ዳይፐር ልሽጥ ብትል ከሥራ ትባረራለች። አንቺ ትችያለሽ። በነጠላው ላይ ትንሽ ጨምረሽ መሸጥሽ ተገቢ ነው፤ መቅደዱ፣ መቋጠሩ፣ ማስቀመጡ ድካም አለው። ሚዛንሽ ግን እንከን አይገኝበት። ድሃ ሩብ ኪሎን በእጁ መዝኖ ያውቃል፤ ሀብታም ነው የማያውቀው።

ሦስተኛውን ርስትሽን ለማየት ቀን መቁጠሪያ ማውጣት አለብሽ። እናትሽ ሁሌ የምታደርገው ነው፤ እህቴ ነጋዴ ብትሆን ኖሮ እኔን ታስንቅ ነበር። አብይ ጾም 55 ቀን ነው። ቅበላው ላይ ሰው ሥጋና ቅቤ ይሸምታል፤ በማግስቱ ሱፍ፣ ተልባ፣ ሽሮ፣ ምስር ይጠይቃል። በሰሙነ ሕማማት መጨረሻ ደግሞ እንቁላልና ቅመም ይጠፋል። ረመዳን ሲገባ ብሎክሽ ውስጥ ያሉት ሙስሊም ቤተሰቦች ተምርና የሳምቡሳ ዱቄት ከሰዓት በኋላ ነው የሚፈልጉት፣ ከማፍጠሪያው በፊት። ለሱፐርማርኬቱ ትእዛዝ የሚመጣው ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው፤ ቅርንጫፉ ለሁሉም አካባቢ የታሰበውን ይደረድራል። አንቺ ብሎክሽ ውስጥ ስንት ቤት እንደሚጾም፣ ስንት ቤት ክርስትና እንዳለ፣ ስንት ቤት ልደት እንደሚያከብር ስለምታውቂ ማክሰኞ ጠዋት እህል ገበያ ወርደሽ ማታ መደርደሪያሽን ለውጠሽ ታድሪያለሽ።

የመክፈቻ ሰዓትሽ ደግሞ መካከለኛ ነገር ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት የምትከፍቺው የሰርቪስና የታክሲ ተሰላፊው ዳቦና ውሃ ስለሚይዝ ነው። ሱፐርማርኬቱ ከፈለገ ሊከፍት ይችላል፤ ለጥበቃ፣ ለካሸር፣ ለትራንስፖርታቸው ከፍሎ ለሃያ ዳቦ ግን አያዋጣውም። ስለዚህ ያዢው፣ ብቻሽን ግን አትደገፊበት።

አሁን ደግሞ የሚያምሽን ልንገርሽ። መደርደሪያሽ ላይ አቧራ የጠጡ ሻምፖዎች፣ ማንም የማይጠይቃቸው ሦስት ዓይነት ብስኩቶች፣ ቀለሙ የለቀቀ የስጦታ ዕቃ አለ። ለምን አስገባሽው? «ሱቁ ሙሉ እንዲመስል» ትይኛለሽ። በብዛት ዓይነት ሱፐርማርኬቱን አትደርሺበትም፤ ያ የእሱ ሜዳ ነው። ያንን ዕቃ በመጣልሽ ዋጋ ሽጪና ገንዘቡን ቶሎ ለሚዞረው ዕቃ አውዪው። የመስታወት በርና የግዢ ጋሪም አያምርሽ፤ የሰው ወርቅ አያደምቅ። ዘመን ባንክ በ2001 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ያደረገውን አስታውሳለሁ። ንግድ ባንክ አገሩን በቅርንጫፍ ሸፍኖታል፤ ከእሱ ቀድመው የተከፈቱት የግል ባንኮችም ቅርንጫፍ ለመክፈት ይሽቀዳደማሉ። ዘመን በአንድ ቅርንጫፍ ብቻ ልሥራ ብሎ ተነሳ። ትልልቅ ድርጅቶችንና ገንዘብ ያላቸውን ሰዎች ያዘ፣ ሰልፍ ለሌለው መስተንግዶ ብሎ የሚከፍለውን ሰው። መርካቶ ብዙ ሰው ሳቀበት። «ቅርንጫፍ የሌለው ባንክ ምን ባንክ ነው?» ይሉ ነበር። ባንኩ ቆመ፣ አተረፈ። ኋላ ላይ እሱም ቅርንጫፍ ወደማስፋፋቱ ዞሯል፤ እግሩን እስኪተክል ድረስ ግን ሁሉን ላገልግል አላለም። አንቺም ማንን እንደማታገለግዪ ወስኚ። በመኪና መጥቶ ለወር የሚሸምተው ሰው ለእነሱ ይሁን። ያንቺ ሰው በእግሩ የሚመጣው፣ ልጅ የሚልከው፣ ማታ የጎደለው ነው።

ልጅ የሚልከው ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የሰባት ዓመት ልጅ ብር ጨብጦ ሲመጣ ምን እንደተላከ ቢረሳ፣ እናቱ ምን እንደምትገዛ አንቺ ታውቂያለሽ። መልሱን በወረቀት ጠቅልለሽ ኪሱ ከተሽ ትሰጅዋለሽ። እናት ልጇን ብቻውን አስፋልት አሻግራ ሱፐርማርኬት አትልክም። በዚህ ላይ ብዙ አልልም፤ ሥራሽን ታውቂዋለሽ።

ከዚያ ቤት ሠራተኞች ጋር አትጣዪ። ባለፈው ጥበቃው መኪና በርሽ ላይ አስቆመ ብለሽ ጮኸሽበታል አሉ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው። ጥበቃውም፣ ካሸሮቹም፣ ዕቃ የሚያወርዱት ልጆችም ምሳ የሚበሉበት ቦታ የላቸውም፤ ከሚሠሩበት ቤት ውድ ዮጎርት ገዝተው አይበሉም። ዳቦ በእንቁላል፣ አምባሻ፣ ሻይ በፔርሙዝ ብታዘጋጂ ከደጅሽ አይጠፉም። ከአፋቸው ወሬ ልቀሚ ያልኩሽ እንዳይመስልሽ፤ ደንበኛ ይሁኑሽ ነው የምልሽ።

ሌላው ደግሞ አለሽ አለመባልሽ ነው። ቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል። ሰው የደጁን ሱቅ አያየውም፤ ለዓመታት ቆሞ ስላገኘው ነገም የሚቆም ይመስለዋል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላልና ተናገሪ። በርሽ ላይ ሰዓቱን ጻፊ። በብሎኩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «የደብረ ዘይት እንቁላል ገብቷል»፣ «ትኩስ እንጀራ 10 ሰዓት ይደርሳል» ብለሽ በቀን አንድ ጊዜ አሳውቂ። አንድ ጊዜ ብቻ፤ አሥር ጊዜ ከጻፍሽ ድምፁን ያጠፉብሻል። እንጀራውን የጋገረችውን ሴት ሰፈሩ ስለሚያውቃት ስሟን ጥሪ፤ በላስቲክ ታሽጎ የመጣ እንጀራ ማን እንደጋገረው አይታወቅም።

ሱፐርማርኬቱ ከስሮ ይዘጋል ብለሽ ግን ቁጭ አትበዪ። ትልቅ ይወድቃል፣ አዎን። የጊነስና የጆኒ ዎከር ባለቤት የሆነው የለንደኑ ዲያጂዮ በ2004 ዓ.ም. ሰበታ ያለውን ሜታ ቢራ በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ነበር፤ አሥር ዓመት ቆይቶ ሸጦ ወጣ። ነገር ግን ማን ገዛው? የጊዮርጊስ ቢራ ባለቤት የሆነው የፈረንሳዩ ካስትል ነው እንጂ የሰበታ ጠላ ሻጭ አልገዛችውም። ግዙፍ ሲለቅ ቦታውን የሚወስደው ሌላ ግዙፍ ነው። ጠላ ሻጯ እስከ ዛሬ ያለችው ቢራዎቹ ስለወደቁ አይመስለኝም፤ እሷ ጋ የሚሄደው ሰው የሚሄድበት የራሱ ምክንያት አለው።

የመግዣ ዋጋሽን ማውረድ ከፈለግሽ ብቻሽን አትችይውም። ያንቺን መሳይ ሱቅ በዙሪያሽ ስንት አለ? አምስትም ስድስትም ይሆናሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ዘይት፣ ፓስታ፣ ሩዝና ሳሙና ብቻ ለይታችሁ በአንድ ላይ ግዙ፤ አንድ አይሱዙ ተከራይታችሁ ጫኑ። በትንሹ የመኪናው ኪራይ ለስድስት ይካፈላል፤ ጅምላ ነጋዴውም በካርቶን ከሚገዛው ይልቅ በመኪና ለሚያነሳው ልቡ ይለሰልሳል። መርካቶ በዕቁብ ያደገው እንዲህ እየተያያዘ ነው። የሚያፈርሰው አለመተማመን ነውና ሦስት ነገር አስቀድሙ፤ ገንዘቡ ከጉዞው በፊት በእጅ ይግባ፣ ገዢው በየተራ ይለዋወጥ፣ ደረሰኙ ለሁሉም ይታይ። በዱቤ የሚገዛ አባል አታስገቡ። ዘመድ ቢሆንም።

ከሱፐርማርኬቱ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ አከራይሽ ነው። ማዶ ያለው ቤት ሰው ሲጎትት መንገዱ ይሞቃል፤ መንገዱ ሲሞቅ ኪራይ ይወጣል። አንቺ ሁሉን ነገር አስተካክለሽ ስትይዢ አከራይሽ መጥቶ «ባንክ ጠይቆኛል፣ ፋርማሲ ጠይቆኛል» ማለቱ አይቀርም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። አሁን፣ ገና ገበያሽ ቀዝቅዟል ተብሎ ሲታዘንልሽ፣ ሂጂና የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ውል ጠይቂው። በየዓመቱ ስንት እንደሚጨምር እዚያው ይጻፍ። በቃል ተስማምተናል አይበቃም፤ ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ይመዝገብ። ጥቂት ከፍ ያለ ኪራይ ቢጠይቅሽም ዘመኑ ከረዘመ ተቀበዪው።

ለስድስት ወር እንዲህ ሞክሪው። በየወሩ መጨረሻ ዕቃሽን ቆጥረሽ፣ ጥሬውን ቆጥረሽ፣ የዱቤውን ደምረሽ ጻፊ። ድምሩ ካለፈው ወር ካልወረደ እየኖርሽ ነው። አንድ ወር ቢወርድ አትደንግጪ፤ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚከፈልበት ወር ሁሌ እንደዚያ ነው። ሦስት ወር ተከታትሎ ከወረደ ግን ዋናውን እየበላሽ ነውና ለመቆየት ብለሽ አትበደሪ። ዕቁብ ደርሶሽ የሱቅ ኪራይ የከፈልሽበት ቀን ሳይመሽ ደውዪልኝ። መደርደሪያውንና ማቀዝቀዣውን በደህና ዋጋ የሚወስዱ ሰዎች አውቃለሁ፤ ከአከራይሽም ጋር ቀብዱን ለማስመለስ እኔው ራሴ መጥቼ እነጋገራለሁ።